ፒቲኤስዲ ምንድን ነው? የዛሬ ወታደር ያመጣው ነው?

«የድሮ ወታደር ከዚህ የባሰ አይቶ ምንም ሳይሆን ቤቱ ገባ፤ የዛሬው ርችት ሲሰማ ፒቲኤስዲ አለብኝ ይላል።» እንዲህ የሚል ሰው አላጣም፤ ሰልችቶኛል። ፒቲኤስዲ አሰቃቂ ክስተት ካለፈ በኋላም በቅዠት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በብስጭት ሰውን የሚያሳድድ የአእምሮ ሕመም ነው። ርችት ያስደነገጠው ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ጦርነት ካዩትም አብዛኞቹን ፒቲኤስዲ አይዛቸውም። ይህ ይያዝልኝና «ምንም ሳይሆን» ወደምትለዋ ልሂድ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1871 ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮችን የልብ ምት መፍጠንና የደረት ውጋት መዝግቧል። ፒቲኤስዲ ነበር ብዬ አልፈርምም፤ የሞተ ሰው በወረቀት አይመረመርም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው የተዘጋ ወታደሮች «ሼል ሾክ» (የመድፍ ድንጋጤ) ያለባቸው ተባሉ። የብሪታንያ ጦር በኩብለላ፣ በፈሪነትና በመሰል ክስ ከረሸናቸው 306ቱ ይቅርታ ያገኙት በ2006 ነው። በ1943 ሲሲሊ ውስጥ የአሜሪካው ጄኔራል ፓተን በጦርነት ጭንቀት ሆስፒታል የተኙ ሁለት ወታደሮችን ፈሪዎች ናችሁ ብሎ በጥፊ መታ። ጥፊ እየጠበቀው ማን አመመኝ ይላል?

የትውልድ ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም። ግን ሸክም በኪሎ ብቻ አይለካም፤ ስንት ጊዜ ተሸከመው? መንገዱስ እንዴት ነበር? ሲደርስ ማን አወረደለት? ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ በመድፍ የሚደበደብ መሸሻም መልስ መስጫም የለውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹ ከጓዶቻቸው ጋር በመርከብ ተመለሱ፤ ሸክሙን ተጋግዘው ላላ ለማድረግ ጊዜ አገኙ። ቬትናም የዘመተው አሜሪካዊ አንድ ዓመት ገደማ አገልግሎ ብቻውን በአውሮፕላን ተመልሶ በቀናት ውስጥ ሰፈሩ ይገኛል። ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱት ደግሞ አውርደው ሳይጨርሱ መልሰው ይጫኑ ነበር፤ ሁለቴ ሦስቴ የዘመቱ ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ የመንገድ ዳር ፈንጂ የሚያደርሰው የአንጎል ጉዳት አለ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ብስጭቱ፣ መርሳቱ ከፒቲኤስዲ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪሞችንም ያደናግራል።

የትውልዶችን መቶኛ ጎን ለጎን የምትደረድሩም ቆም በሉ። ፒቲኤስዲ በዚህ ስሙ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 ነው፤ መስፈርቱም ሲቀያየር ኖሯል። ከ1994 እስከ 2013 ታማሚው በክስተቱ ወቅት ከባድ ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም አቅመ ቢስነት ተሰምቶት መሆን ነበረበት። ሥልጠናው ፍርሃቱን ውጦ ግዳጁን እንዲወጣ ያደረገው፣ ቅዠቱ ቤቱ ከገባ በኋላ የጀመረው ወታደር በዚህ መስፈርት ከቁጥሩ ውጭ ሊቀር ይችል ነበር።