የትምህርት ቤት «ደረጃ 2» ምንድን ነው?

እናቴ ከወላጆች ስብሰባ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። በእጇ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛለች። ማንበብ ስለማትችል የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በር ላይ አንብቦላታል። «የወንድምህ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ወጣ!» አለችኝ። ከባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሁለተኛ መሆኑ ነው። ወዲያው ቡና ልትቆላ ተነሣች።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። «ደረጃ 2» ይላል። አቦሉንም ቶናውንም ዝም ብዬ ጠጣሁ። እውነቱን የነገርኳት በረካው ላይ ነው።

እናቴን ያሳሳታት ቃሉ ነው። ልጅ ከክፍሉ «ሁለተኛ ደረጃ ወጣ» ከተባለ ይሸለማል። «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ከተባለ ደግሞ ሃይስኩል ነው። ኢንስፔክተሮች የሚጽፉት «ደረጃ 2» ከሁለቱም የተለየ ነው። እዚያ ጥሩ የሚሆነው ቁጥሩ ሲያድግ ነው። ከላይ ሲቆጠር ሳይሆን ከታች ሲቆጠር ሁለተኛ ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። አራት ዓመቱ ላይ ማጅራት ገትር ያዘው፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ቀረ። (ሰፈር ውስጥ የሚባለውን ሌላውን ቃል አልጽፈውም። እሱ ያንን ቃል ከሰው ከንፈር ላይ ለይቶ ያውቀዋል። አይሰማም ብላችሁ ፊት ለፊቱ እንዳትሉት።) የሚማረው እንደሱ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ያየሁት እንደ ማንኛውም ወላጅ ብቻ አልነበረም። ይህ ቁጥር ስለ እሱ ምን ይላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን «እውቅና» እና «ደረጃ» የሚባሉትን እንለያቸው። ሰው ሁሉ ይቀላቅላቸዋል።

እውቅና የመክፈቻ ጉዳይ ነው። የግል ወይም የድርጅት ትምህርት ቤት መክፈት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያወጣል። ግቢው፣ ክፍሉ፣ ውኃው፣ ሽንት ቤቱ፣ የመምህራኑ ማስረጃ ይታያል። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። የግል ዩኒቨርሲቲና ዲግሪ የሚሰጥ ኮሌጅ ሲሆን ደግሞ እውቅናው የሚመጣው ከፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። «እውቅና ያለው» የሚለውን ማስታወቂያ እናቴም ከሬዲዮ ታውቀዋለች። የጎረቤታችን ልጅ እውቅና በሌለው ቦታ ከፍላ ተምራ፣ ወረቀቷን የሚቀበላት መሥሪያ ቤት አጥታ ስትንከራተት አይታለች።

ደረጃ የሚመጣው ከተከፈተ በኋላ ነው። የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ኢንስፔክተሮች ይመጡና ሥራው እንዴት እየሄደ እንደሆነ ያያሉ። አሁን ያለው አሠራር በአገር ደረጃ የተዘረጋው በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶች ይዞ ነው የመጣው፤ እነሱም በሦስት ይመደባሉ። ግብዓት ከመቶው 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ይይዛል።

ለእናቴ እንዲህ አልኳት። «ግብዓት ማለት ጤፉና ምጣዱ ነው። ሂደት ማቡካቱና መጋገሩ ነው። ውጤት እንጀራው ነው።»

ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ እንጀራውን ማን ቀመሰው?» አለች።

ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርስ። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1 ነው። ከ50 እስከ 70 ያልሞላ ደረጃ 2። ከ70 እስከ 90 ያልሞላ ደረጃ 3። 90 እና ከዚያ በላይ ደረጃ 4። ስታንዳርዱን አሟላ የሚባለው 3 የደረሰ ነው። ደረጃ 2 ያለው «በመሻሻል ላይ ነው» ይባላል፤ ጨዋ አባባል ነው። ግን አገር ሁሉ የሚስቅበት ነገር አይደለም። አብዛኛው ትምህርት ቤታችን ያለው 1 እና 2 ላይ ነው፤ 4 የደረሱት በጣት ይቆጠራሉ። ስለዚህ እናቴን ያጽናናኋት በውሸት አልነበረም።

አሁን ወደ እንጀራው።

ኢንስፔክተር ሲመጣ መዝገብ ያገላብጣል፣ ክፍል ገብቶ ያያል፣ ሰው ይጠይቃል። ሦስቱም ለሚሰማ ልጅ የተሰፉ ናቸው። መስማት ለተሳነው ልጅ ሲለበሱ አንዳንድ ቦታ ይሰፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ያንቃሉ።

ከክፍሉ እንጀምር። ዴስኮች ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው፣ ተራ ይዘው ከተደረደሩ ለሚሰማ ልጅ ሥርዓት ነው። ለወንድሜ ግን ግማሹ ክፍል ጠፋ ማለት ነው። ከኋላው ያለ ልጅ በእጁ ሲመልስ አያየውም። ለእነዚህ ልጆች ወንበር በግማሽ ክብ ነው የሚቀመጠው፤ ሁሉም ሁሉንም እንዲያይ። ብርሃንም እንደዚሁ። መምህሩ መስኮት ጀርባው አድርጎ ከቆመ ፊቱና እጁ ይጠቁራሉ። ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ፀሐይ በምዕራብ መስኮት ስትገባ መምህሩ ጥላ ብቻ ይሆናል። ደወልም አለ። ለወንድሜ የሚያስፈልገው ብልጭ የሚል መብራት ነው። መብራት ከሌለ ጓደኛው ትከሻውን ነካ ያደርገዋል፤ ይኼም ይሠራል። ግን ወረቀት ላይ «ደወል አለ» ተብሎ ምልክት ይደረጋል፣ ነጥቡም ይያዛል።

ዋናው ግን ቋንቋው ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ ማውራት አይደለም። የራሱ ሰዋስው፣ የራሱ አካሄድ አለው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የጣት ፊደሉን ነው። እሱም ቢሆን ደስ ይላል፤ የእኛኑ ፊደል ተከትሎ የተሠራ ነው። ለ«ለ» ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ እስከ ሎ ሲሄድ ቅርጹ እንዳለ ሆኖ እጁ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ይለያያል። ሰባቱ ቤት በእንቅስቃሴ ይነበባል ማለት ነው። እኔ ይህን በአንድ ክረምት ለመድኩት፤ ቋንቋውን ግን እስካሁን ተንተባታቢ ነኝ። ሀሁ የቆጠረ ሁሉ ቅኔ አይዘርፍም።

ለዚህ ነው «መምህሩ የምልክት ቋንቋ ሥልጠና ወስዷል» የሚለው መስመር የማያጠግበኝ። የሁለት ሳምንት ሥልጠናም ሥልጠና ነው። ሰርተፊኬቱ ፋይል ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ ያስተምራል፤ አራት ዓመት የሚያስለፋ ነገር በሁለት ሳምንት አያልቅም። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለ፤ «ፔዳ» የምንለው ግቢ ስሙ ራሱ ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ የመጣ ነው። ከተማዋ መምህር በማፍራት አትታማም። ግን በልዩ ፍላጎት ትምህርት የተመረቀ ሁሉ እጁ ይናገራል ማለት አይደለም። ማየት የተሳናቸውን ለማስተማር የተዘጋጀ ሰው ወንድሜ ፊት ሲቆም እንግዳ ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ። ኢንስፔክተሮቹ ተማሪ መርጠው ይጠይቃሉ፤ ደግ ነው። ወንድሜ ተመረጠ። ጠያቂው ምልክት ቋንቋ አይችልም። አስተርጓሚ አልያዘም። ስለዚህ ያስተረጎመው ማን ይመስላችኋል? የክፍሉ መምህር። ስለ መምህሩ የተጠየቀውን ጥያቄ መምህሩ ራሱ አስተረጎመው!

ወንድሜ ማታ ለእኔ እንደነገረኝ ያለው ይኼንን ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ በአፉ ይናገራል፣ ጀርባውን ሲሰጠን ምንም አይገባንም። እናቴ አጠገቡ ቆማ የሰማችው ትርጉም ደግሞ «በትምህርቱ ደስተኛ ነኝ ይላል» የሚል ነው። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ከደመወዙ ጠመኔ ገዝቶ ሲያመጣ አይቻለሁ። ግን እስቲ እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑስ? እኔ ብሆን ትርጉሙን ሳላለሳልሰው አልቀርም ነበር።

እንግዲህ እንጀራው ተቀመሰ የተባለው በጋጋሪው አፍ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ስላልሆነ ሌላ ቦታ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች ሁለት እውቅና ይይዛሉ። አንዱ ማንኛውም ትምህርት ቤት የሚያገኘው ነው። ሌላው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶችን የሚመሩ ሰዎች ካቋቋሙት ማኅበር የሚመጣ ነው፤ ማኅበሩ ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አካሄዱ በደንብ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ራሱን ይገመግማል። ቀጥሎ ከሌሎች እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የመጡ ባለሙያዎች ይጎበኙታል። ከዚያ ይወሰናል፣ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላም እንደገና ይታያል። ልዩነቱ ጎብኚው ላይ ነው። ክፍል የገባው ሰው ልጆቹ ጓሮ ለጓሮ የሚያወሩትን ሐሜት ሳይቀር ይረዳል። እኛ አገርም ትምህርት ቤቶች የግለ ግምገማ ሰነድ ያዘጋጃሉ፤ ያጣነው ሁለተኛውን ዓይን ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር የቤተሰብ ወሬ ነው። ቀልዴን አይደለም። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነጥብ ያስገኛል። ወላጅ ተሰብስቧል ወይ፣ ቃለ ጉባኤ አለ ወይ፣ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ይሠራል ወይ ይባላል። ማስረጃው የፊርማ ወረቀት ነው። የእናቴ አውራ ጣት እዚያ ላይ በሰማያዊ ቀለም አለ።

ግን የስብሰባ ወሬ ቤት የሚደርሰው እንዴት ነው? ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ርዕሰ መምህሩ ይናገራል። በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ያስተጋባል። የሚሰሙ ልጆች ቢሆኑ ሰምተው ለወላጅ ይነግራሉ። ወንድሜና ጓደኞቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈው ባንዲራውን ያያሉ፤ ወሬው በላያቸው ያልፋል። እናቴ በአንድ ዓመት ሦስት ስብሰባ አመለጣት። «ችላ ያለች ወላጅ» ተብላ ሁሉ ተወቀሰች። ወሬው እንዳልደረሳት የገባን ቆይቶ ነው።

በተቃራኒው ከቤት ወደ ልጁ የሚሄድም ወሬ አለ። ወንድሜ ከዘጌ የመጣ የክፍል ጓደኛ አለው። ከተማ ዘመድ ጋር ነው የሚኖረው። ስልክ ቢደወልለት አይሰማ። ዘመዶቹ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፤ እሱ ፊታቸውን ያያል። አያቱ የሞቱት በጾም መግቢያ ነው። እሱ የተረዳው ለፋሲካ በጀልባ ሲሄድ፣ የተቀመጡበትን መደብ ባዶ ሲያየው ነው። አሁን ዘመዱ ስማርት ስልክ ገዝቶ በቪዲዮ ይገናኛሉ። እናቱ ከቡናው ጫካ ሆና የቀላ ቡና በእፍኟ ታሳየዋለች። ምልክት ቋንቋ አትችልም፤ ቡናው ግን ደርሷል፣ ያ ገብቶታል።

በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሚሰሙ ወላጆች እንደሚወለዱ ያሳያሉ። ማለትም ልጁ ቤት ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅለት ሰው ሳይኖር ነው የሚያድገው። ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ወላጅን ምልክት ቋንቋ ማስተማር ትርፍ ሥራ አይደለም። እኔ ኢንስፔክተር ብሆን ከፊርማው ወረቀት በፊት አንዲት እናት ጠርቼ «ልጅሽን ዛሬ ምን ተማርክ ብለሽ ጠይቂው» እላት ነበር። ዝም ካለች ነጥቡን አልሰጥም፤ የምቀንሰው ግን ከእሷ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ነው።

ልጃችሁን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ልታስገቡ ከሆነ ደረጃውን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የየትኛው ዓመት እንደሆነም ጠይቁ፤ የቆየ ደረጃ ለጥፎ የሚኖር አለ። ከዚያ ቢሮውን ተዉትና በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቁሙ። መምህራኑ ከልጆቹ ጋር በእጃቸው ይቀልዳሉ? መስማት የተሳነው መምህር አለ? ልጁ ሲጠየቅ የሚያስተረጉምለት ማን ነው? እኔ ከደረጃው ቁጥር ይልቅ የእረፍቱን አስራ አምስት ደቂቃ አምናለሁ።

የእኛው ትምህርት ቤት አሁንም ደረጃ 2 ነው። አንድ ነገር ግን ተጨምሯል። በሩ አጠገብ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅላለች፤ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የሚነገረው ሁሉ በጠመኔ ይጻፍባታል። የስንት ስታንዳርድ ነጥብ እንደምታስገኝ እንጃ፤ ምንም ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ሐሙስ እናቴ ወንድሜን ልትወስድ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ሰሌዳዋ ላይ ሦስት መስመር ተጽፏል። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ልታስነብበኝ ነው። ወንድሜ ክንዷን ይዞ ወደ ራሱ መለሳትና በእጁ ነገራት፦ ነገ። ወላጅ። ጠዋት።

እሷም በእጇ መለሰችለት፦ እመጣለሁ።