ኮርንድ ቢፍ በጥቅል ጎመን ምንድን ነው?

መጋቢት 8 ቀን፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 17፣ በአሜሪካ የሚኖሩ የአየርላንድ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች የአየርላንድ ጠባቂ የሚባለውን የቅዱስ ፓትሪክን በዓል ሲያከብሩ ገበታው መሀል የሚቀመጠው ኮርንድ ቢፍ በጥቅል ጎመን ነው። የበሬ ፍርምባ ሳይከተፍ እንዳለ በጨው፣ በስኳርና በቅመም ውኃ ውስጥ ሳምንት ያህል ይዘፈዘፋል። ከዚያ በለዘብተኛ እሳት ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ደግሞ በዚያው መረቅ ይበስላሉ። ሽንኩርት አይቁላላም፣ ቅቤ አይነጠርም፣ በርበሬ የለም። ለጎመን በሥጋ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ላይ አልጫ ሊመስለው ይችላል፤ የምግቡ ኃይል ያለው ሥጋው ውስጥ ሰርጎ በገባው ጨውና ቅመም ላይ ነው።

ስሙ ያሳስታል። «ኮርን» ሲባል በቆሎ ይመስላል እንጂ ከበቆሎ ጋር ምንም አያገናኘውም። በቀድሞው እንግሊዝኛ ቃሉ ማንኛውንም የእህል ፍሬ ወይም ቅንጣት ይገልጽ ነበር፤ ሥጋው የሚታሸው እህል በሚያካክል ደረቅ ጨው ስለነበር ስሙ ከዚያ መጣ። በዓረብ አገር የኖረ ሰው ደግሞ ኮርንድ ቢፍ ሲባል ትዝ የሚለው በቆርቆሮ የታሸገው፣ ተፈጭቶ የተጠቀጠቀው ሥጋ ነው። ያ የሩቅ ዘመዱ ነው። የበዓሉ ግን ሙሉ ብልት ነው፣ በቢላዋ የሚቆረጥ።

የዚህ ምግብ ትልቁ እንቆቅልሽ አየርላንድ ውስጥ የበዓሉ ምግብ አለመሆኑ ነው። ደብሊን ሄዶ የፓትሪክ ቀን ኮርንድ ቢፍ የሚጠይቅ ሰው ቱሪስት መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። የአየርላንድ ገበሬ ላሙን ለወተትና ለቅቤ፣ በሬውን ለእርሻ ነበር የሚፈልገው፤ ለሥጋ የሚያረባው አሳማ ነበር። ስለዚህ የአገሩ ምግብ በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ በጥቅል ጎመን ሲሆን፣ ዛሬም ከነጭ የፓርስሊ ስጎ ጋር ይቀርባል።

ይሁን እንጂ አየርላንድ በጨው የቆየ የበሬ ሥጋ ለዓለም ስትሸጥ ኖራለች። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1663 እና በ1667 ባወጣቸው ሕጎች የአየርላንድ ከብት በቁሙ ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ አገደ። ከብቱ መሄጃ ሲያጣ ነጋዴው አርዶ፣ ጨው ነስንሶ፣ በበርሜል መሸጥ ያዘ፤ የኮርክ ወደብም የዚህ ንግድ ማዕከል ሆነ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከዚያ ይሰንቅ ነበር፣ የካሪቢያን የሸንኮራ እርሻዎች ከዚያ ይገዙ ነበር፤ የፈረንሳይ መርከቦች ሳይቀሩ ደንበኞች ነበሩ። ሥጋውን ያዘጋጀው ድሃ አየርላንዳዊ ግን የመግዛት አቅም አልነበረውም፤ የሚበላው ድንች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 ድንቹን በሽታ ሲያጠፋው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ከስደተኛው ብዙው አሜሪካ ገባ።

ኒውዮርክ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የበሬ ሥጋ አገር ቤት ካለው ይልቅ ርካሽ ሆነ፤ የለመዱት ዓይነት የአሳማ ሥጋ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ የመጡ አይሁዶች በዚያው ሰፈር ሉካንዳ ነበራቸው፤ አሳማ አይሸጡም። ከበሬውም በብዛት የሚሸጡት የፊት ብልቶችን ነው፤ የኋላው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 የተጠቀሰው ሹሉዳ ካልወጣለት አይበላምና ማውጣቱ ብዙ ሥራ አለው። ፍርምባ የፊት ብልት ነው፤ ጠንካራና ርካሽ። አይሁዶቹ በጨው ውኃ ሲያቆዩት አየርላንዳዊው ገዝቶ እንደ አገሩ ምግብ ከጥቅል ጎመን ጋር ቀቀለው። ጥቅል ጎመንም ርካሽ ነበርና ሁሉም በአንድ ድስት ገባ። አያቶቹ ለባዕድ ሲያሽጉት የኖሩትን ሥጋ የልጅ ልጅ በስደት አገር በላው ማለት ነው።

በዓሉ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ካቶሊኮች በጾሙ ወራት ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ በዓሉ እንደ እ.ኤ.አ. 2017 እና 2023 ዓርብ ሲውል ብዙ የአሜሪካ ጳጳሳት ለዕለቱ ፈቃድ ይሰጣሉ። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ግን መጋቢት 8 ሁልጊዜ ሁዳዴ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው በዚያ ሰሞን ሱፐርማርኬቶች ተዘፍዝፎ የታሸገውን ፍርምባ በርካሽ ሲያወጡት ገዝቶ፣ ውኃውን አፍስሶ፣ አየር እንዳይገባው ጠቅልሎ ፍሪዘር ቢከተው ለአንድ ወር ያህል ጣዕሙ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ፋሲካ ቀደም በሚልበት ዓመት ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ጨው ያለበት ጮማ ጣዕሙ ቶሎ ይበላሻል።

ራሱ ለሚዘፈዝፍ ሰው ልኩ ይህ ነው፦ ለ2 ኪሎ ከሩብ ፍርምባ 4 ሊትር ውኃ፣ 350 ግራም ጨው፣ 200 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 20 ግራም ፒንክ ሶልት የሚባለው የሥጋ ማቆያ ጨው። ቅመሙ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ቅርንፉድ፣ ስባሪ ቀረፋ፣ ቤይ ሊፍና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ነው። ጨውን በኩባያ መስፈር ትልቅ ስህተት ነው፤ አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨው ከአንዳንዱ ሻካራ ጨው እጥፍ ሊመዝን ይችላል። ሚዛን ይጠቀሙ።

ፒንክ ሶልት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። 6.25 በመቶው ሶዲየም ናይትራይት ሲሆን፣ ሮዝ የተቀባው ከገበታ ጨው ጋር እንዳይምታታ ነው፤ በብዛት ከተበላ መርዝ ነው። ሮዙ የሂማላያ ጨው ሌላ ነገር ነው፣ አይተካውም። ናይትራይቱ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያግዳል፤ ከሥጋው ቀይ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮም ቀለሙ ከተቀቀለ በኋላ ሮዝ እንዲሆን ያደርጋል። ያለ እሱ የተሠራው ግራጫ ይወጣል፤ ቦስተንና አካባቢዋ እንዲያውም ግራጫውን የሚመርጡ አሉ።

ብጥብጡ ፈልቶ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ሥጋ አይገባበትም። ዕቃው መስታወት፣ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ አሉሚኒየምን ጨው ይበላዋል። ሥጋው እንዳይንሳፈፍ ሳህን ይጫንበት፣ በየቀኑ ይገላበጥ፣ ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አይበልጥ። ጨዉ ከየጎኑ በቀን 6 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚዘልቀው። 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሥጋ ቢያንስ 5 ቀን ይፈልጋል፤ 7 ቀን ቢሆን ይመረጣል። ሲቆረጥ መሀሉ ላይ ግራጫ ክብ ከታየ ጨዉ አልደረሰም ማለት ነው። ፍሪጁ ሳይሞቅ ከቆየና በደንብ ከበሰለ ይበላል፤ የጎደለው ቀለምና ጣዕም ነው።

ለመቀቀል መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ እዚህ የሰነፈ ሰው ጨው ይበላል። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ውኃ አልፎት ይጣድ፣ አረፋው ይገፈፍ፣ ከዚያ እሳቱ ይቀነስ። ውኃው አልፎ አልፎ ብቅ የሚል አረፋ ብቻ ያሳይ። ከተፍለቀለቀ ክሮቹ ተኮማትረው እርጥበታቸውን ይተፋሉ፤ ሥጋው እየበሰለ ይደርቃል። ለ2 ኪሎ ከሩብ 3 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በ2ኛው ሰዓት ሹካ ወግቶ «ደረቀ» ብሎ ማውጣት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ያኔ ጅማቱ ገና አልቀለጠም። ውስጡ 90 እስከ 95 ዲግሪ ሲደርስ ሹካ ያለ ትግል ይገባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መረቁ ይቀመስ፤ ጨው ከበዛበት ግማሹ ተደፍቶ በሙቅ ውኃ ይተካ። «ድንች ጨው ይስባል» የሚባለው አይሠራም፤ ድንቹ ጨዋማ ይሆናል እንጂ መረቁ አይቀልልም።

ሥጋው ወጥቶ ተሸፍኖ ይረፍ። ድንችና ካሮት መረቁ ውስጥ 30 ደቂቃ፣ ጥቅል ጎመኑ በመጨረሻው 15 ደቂቃ። ጎመኑ ግንዱ ሳይወጣ ስምንት ቦታ ይሰንጠቅ፤ ግንዱ ከሌለ ቅጠሉ ይበተናል። ብዙ ከቆየ ወጥ ቤቱን የድኝ ሽታ ይሞላዋል፤ ብዙ ሰው ይህን ምግብ ጠላሁ የሚለው በዚህ ነው።

አቆራረጡ ክሩን አቋርጦ፣ እርሳስ በሚያህል ውፍረት ነው። ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ የተዋጣለት ፍርምባ እንኳ እንደ ገመድ ይታኘካል። ሥጋው ሲበስል ሲሶ ያህል ክብደቱን ስለሚያጣ 2 ኪሎ ከሩቡ ለስድስት ሰው ይበቃል። ሰናፍጭና ሶዳ ብሬድ የሚባለው እርሾ የሌለው ዳቦ አጠገቡ ይቀመጣሉ።

ለነገ የተረፈው ከድንቹ ጋር ተከትፎ በሙቅ ምጣድ ይጠበሳል። ሲጠበስ አይማሰልም፤ በጭልፋ ተጭኖ ሥሩ ቡናማ እስኪሆን ይተዋል፣ አንዴ ይገለበጣል፣ ላዩ ላይ እንቁላል ይሰበርበታል።