ሰው በሰው መካከል፦ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መነሻዎች ከጎጃም ሲታዩ

ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሰው በሌሎች መካከል ሲሆን እንዴት እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚሰማውና ምን እንደሚያደርግ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ሌሎቹ የግድ አጠገቡ መቆም የለባቸውም። «ምን ይሉኛል» ብሎ ማሰቡ ብቻ ይበቃል። ከዚሁ ጋር ሁለት የቆዩ ጥያቄዎች አብረው ይነሳሉ። ሰዎች በማሰብ ችሎታ ለምን ይለያያሉ? በስብዕናስ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስቱ ለየብቻ ይሰጣሉ፤ ኑሮ ላይ ግን ተጠላልፈው ነው የሚገኙት።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን ባጭር ቀመር አስቀመጠው፦ የሰው ድርጊት የራሱና የአካባቢው ውጤት ነው። ችግሩ ሁለተኛውን ቶሎ እንረሳዋለን። አንድ ጎረምሳ ከደቦ ሲቀር «ሰነፍ ነው» እንላለን። በሬው ታሞበት ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሌላውን ድርጊት ሁሉ ለጠባዩ የመስጠት ዝንባሌን ሊ ሮስ በ1977 «መሠረታዊው የምክንያት አሰጣጥ ስህተት» ብሎ ሰየመው። ጎጃም ይህ ሁሉ በግልጽ የሚታይበት አገር ነው። ሥራው በጋራ፣ ደስታውም ሐዘኑም በጋራ፣ ሐሜቱም በጋራ ነው።

ደቦ፣ ልግመትና ይሉኝታ

ከዘርፉ ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ገመድ መጎተት ነበር። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎች ብቻቸውንና በቡድን ሆነው ሲጎትቱ ጉልበታቸውን ለካ። ውጤቱን በ1913 አሳተመ። 8 ሰው አንድ ላይ ሲጎትት የእያንዳንዱ ድርሻ ብቻውን ከሚጎትተው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከፊሉ ምክንያት አለመቀናጀት ነው። ሌላው ግን እኛ ልግመት የምንለው ነው፤ ሰው ብዙ ሲሆን ለጋሚው አይታወቅም።

ታዲያ ደቦ እንዴት ይሠራል? የጤፍ አጨዳ ላይ መልሱ ይገኛል። አጫጆቹ ጎን ለጎን ሆነው ይገባሉ። ማን ወደፊት እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ ከዳር የቆመ ሰው ያየዋል። ዘፈኑም እጁን ያመሳስለዋል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ይህንኑ አረጋግጠዋል፦ የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ ሲታወቅ ልግመት ይቀንሳል። ወንፈል ደግሞ ከደቦም የጠበቀ ነው። ዛሬ ላንተ የሠራሁት ቀን ነገ ለእኔ የምትሠራው ቀን ነው። ለግሞ የዋለ በገዛ ማሳው ላይ ያገኘዋል።

የሰው ዐይን ግን ሁልጊዜ አያበረታም። ኖርማን ትሪፕሌት በ1898 ብስክሌተኞች ከሌላ ጋር ሲሽቀዳደሙ ብቻቸውን ከሚነዱት ይልቅ እንደሚፈጥኑ ጽፏል። ሮበርት ዛየንስ በ1965 ነገሩን አጠራው፦ የለመድነውን ሥራ ሰው ሲያየን እናቀላጥፈዋለን፤ ያልለመድነው ግን ይበላሽብናል። የቆየው አጫጅ በደቦ ቀን ይበልጥ ይቀላጠፋል። ገና ቅኔ የጀመረው ተማሪ በጉባኤ ፊት ምላሱ ይተሳሰራል።

ይሉኝታ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰሎሞን አሽ በ1951 ይፋ ባደረገው ሙከራ አንድን ሰው ከብዙ ተባባሪዎቹ ጋር አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት አስገመተ። ተባባሪዎቹ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛው ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዐይናቸው የሚያየውን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ሄዱ። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ከተናገረ ግን ጫናው በጣም ይቀላል። በ1996 ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 133 ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ የጋራ ኑሮ በሚያመዝንባቸው አገሮች ከብዙኃኑ ጋር የመሄዱ ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ።

እንዲህ ዓይነት እሺታ ሁለት መልክ አለው። አንዱ «ብዙ ሰው ካለው ልክ ይሆናል» ብሎ ማመን ነው። ሌላው ሳያምኑ መታዘዝ ነው። ይሉኝታ ሁለተኛው ነው። ተዝካርን እንውሰድ። ቤተሰቡ ተበድሮም ቢሆን ይደግሳል። ጎረቤቱም በልቡ «ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል» ይላል። ግን ሌላው የሚደግፈው ስለሚመስለው ዝም ይላል። ሥነ ልቦና ይህንን የጋራ አለማወቅ ይለዋል። ሁሉም ብቻውን ይቃወማል፣ ሁሉም ባንድነት ይደግሳል።

ሌላው ከባዱ ርዕስ ጅምላ ፍረጃ ነው። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 የተለያዩ ወገኖች ሲገናኙ ጥላቻ ሊቀንስ እንደሚችል ጻፈ። ቅድመ ሁኔታም አስቀመጠ፦ እኩልነት፣ የጋራ ዓላማ፣ መተባበርና የባለሥልጣን ድጋፍ። በጎጃም እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። በየገበያው ቀን ግን ሰው ሁሉ ከእነሱ ጋር ይገበያያል። ማሰሮውም ማረሻውም የእነሱ እጅ ሥራ ነው። መገናኘት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ይህ ስም ድሮ በጠፋ ነበር። አብሮ ማዕድ መቅረብና መጋባት ሲከለከል ግን እኩልነቱ ከየት ይመጣል?

ብልህ ማን ነው?

የማሰብ ችሎታ መለኪያ የተጀመረው ለትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ፓሪስ ውስጥ ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች ለመለየት ፈተና አዘጋጁ። ቻርልስ ስፒርማን ከዚያ በፊት በ1904፣ በአንድ ትምህርት ጎበዝ የሆነ በሌላውም ጎበዝ የመሆን አዝማሚያ እንዳለው አይቶ፣ ከሥር አንድ አጠቃላይ ችሎታ አለ ብሎ ነበር። የዛሬዎቹ መለኪያዎች አማካዩን 100 አድርገው ይነሳሉ። ሆዋርድ ጋርድነር በ1983 ብልህነት አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ነው ብሎ ተከራከረ። መምህራን ሐሳቡን ወደውታል። ማስረጃው ግን ከዝናው ጋር አይመጣጠንም።

ጎጃም የራሱ መፈተኛ ነበረው፤ ቅኔ ቤት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የታወቀ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ቆጠራ በሚባለው ቅኔ የማውጫ ጊዜ ብቻውን ቁጭ ብሎ ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ። የትናንቱን መድገም ዋጋ የለውም፤ አዲስ መሆን አለበት። ሰዋስው፣ ታሪክ፣ መጽሐፍ፣ ምሥጢር፣ ዜማ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። የስፒርማንም የጋርድነርም ደጋፊ እዚህ ቢመጣ ለየወገኑ ማስረጃ የሚያገኝ ይመስለኛል።

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናንሳ። ዐይነ ስውር ነበሩ፤ በጎጃም የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶቹን አስተምረዋል። ባለ ቀለም ኩብ አሰልፍ፣ ሥዕሉ ላይ የጎደለውን ፈልግ የሚል ፈተና ስለ እሳቸው ምንም ባልነገረን ነበር።

ፈተና ሲያሳልፍም ሲያስወድቅም ከኋላው ልማድ አለ። አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና 1932 ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን እንዲህ ጠየቀ፦ በሩቅ ሰሜን በረዶ ባለበት ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምልያ ሩቅ ሰሜን ነው፤ የዚያ ድብ ቀለሙ ምንድን ነው? መልሳቸው «እኔ አላየሁም» የሚል ነበር። ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ሽማግሌ ቢጠየቅም «ያላየሁትን እንዴት ልመስክር» ቢል አይገርመኝም። ሽምግልና ላይ የሰማውን እንዳየ አድርጎ የሚናገር ይናቃል። እንቆቅልሹን እንደ ጨዋታ መቀበል የትምህርት ቤት ልማድ ነው። ትምህርት ራሱ የፈተናውን ውጤት ከፍ እንደሚያደርግም ተረጋግጧል።

ሰዎች በማሰብ ችሎታ የሚለያዩበት ሌላው ምክንያት ጨው ነው። ደጋው ላይ ዝናብ አዮዲንን ከአፈር ያጥባል። እናት አዮዲን ሲያንሳት የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል። አንገት ላይ የሚወጣው እንቅርት የጉዳቱ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ስንተርት የኖርነው ይህንኑ ነው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት መደንገጉ የልጆችን ብልህነት ከማንም ምክር በላይ የሚጠቅም ሥራ ነው።

ጠባይ

ስብዕና በአንድ ሰው ላይ በተለያየ ጊዜና ቦታ ጸንቶ የሚታይ የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የድርጊት መልክ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት አምስት ዘርፎች ያሉት አከፋፈል ነው፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ተጫዋችነት፣ ሆደ ሰፊነትና ሆደ ባሻነት። ዋልተር ሚሸል በ1968 ጠባይ ብቻውን ድርጊትን እምብዛም አይተነብይም ብሎ ብዙ ክርክር አስነሳ። ቤቱ ቁጡ የሆነ ሰው ማኅበር ላይ ጭምት ይሆናል፤ ይህን ማንም የጎጃም ሚስት ታውቃለች።

አምስቱ ዘርፎች በየአገሩ ይሠራሉ ወይ? በ2013 የወጣ ጥናት ቦሊቪያ ውስጥ ጺማኔ የተባሉ፣ አብዛኞቹ ያልተማሩ አራሾችና አዳኞችን ስለ ራሳቸው ጠየቀ። ስለ ትዳር ጓደኞቻቸውም ጠየቀ። በሁለቱም አምስቱ አልወጡም። ጎልተው የታዩት ሁለት ናቸው፦ ለሰው መልካም መሆንና ታታሪነት። ልጃቸውን ለመዳር የሚያጠያይቁ የጎጃም ወላጆችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። «ሰው ያከብራል ወይ? ሥራ ይወዳል ወይ?» ይላሉ። ዘሩንም ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ያ እንኳ ከስብዕና ጋር አይገናኝም።