ቀዩ መስመር ቀለም አይደለም፣ ደብዛዛውም «ትንሽ ወባ» አይደለም

ሸዋ ሮቢት ላይ በላቦራቶሪ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ሲበረታ፣ ከጣት በተወሰደ ደም ወባን የሚያሳየው ፈጣን መመርመሪያ ኪት ላይ ቀይ መስመር ሲወጣ፣ ከመስኮቱ ማዶ በየቀኑ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መስመሯ ደብዛዛ ናት፣ ትንሽ ወባ ነው አይደል?»

አይደለም።

«ያቺ ቀይ መስመር ቀለም ናት» የሚሉ አሉ፤ የሙያ ባልደረቦቼም አሉበት። በአብዛኞቹ ኪቶች ውስጥ ያለው ወርቅ ነው። ጣት ላይ ሲሆን ቢጫ ነው፤ 40 ናኖሜትር ያህል፣ ማለትም ከጸጉር ውፍረት 2,000 ጊዜ ገደማ ያነሰ ቅንጣት ሲሆን ግን ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃኑ ጋር እየተወዛወዙ አረንጓዴውን ይውጡታል። ለዓይን የሚተርፈው ቀዩ ነው። ማይክል ፋራዳይ ይህን ቀይ የወርቅ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1857 አጥንቶታል።

«ያገለገሉትን ብናጠራቅም ወርቁ አይሸጥም?» አይሸጥም።

«በሌዘር ቢታይ ሁሉ ነገር ይገለጣል» ብሎ አንድ መምህር ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል እንዳለበት እንዳይለት አረቄ በጠርሙስ ይዞልኝ መጥቷል። የሰማው ነገር መሠረት አለው። ሞለኪውል ከሚበትነው የሌዘር ብርሃን ቀለሙን ለውጦ የሚመለሰው፣ ሞለኪውሉንም የሚያሳውቀው፣ ከ10 ሚሊዮን አንዱ ቢሆን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሻካራ የብር ማዕድን ላይ የተለጠፈ ሞለኪውል ግን ምልክቱ ጎልቶ ታየ። ጉላቱ በሚሊዮን እጥፍ መሆኑ ከሦስት ዓመት በኋላ ተረጋገጠ። ነገር ግን ማዕድኑ የሚያጎላው አጠገቡ የተጠጋውን ብቻ ነው። ሜታኖል ደግሞ እንዲህ ያለ ማዕድን ላይ እምብዛም አይጣበቅም፤ ለአረቄው የሚያስፈልገው ፈሳሹን አትንኖ ይዘቱን የሚለየው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው። መምህሩ ተቀይሞኝ ሄደ።

ወደ ደብዛዛዋ ልመለስ። ደሙ በወረቀቱ ሲንሸራተት ወርቁ ላይ የተለጠፈው አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ የወባውን ፕሮቲን ይዞ ይጓዛል። መስመሩ ላይ ሌላ አንቲቦዲ አድፍጦ ይጠብቀዋል። ሲይዘው ወርቁ እዚያው ይከማቻል፣ ክምሩም ይቀላል። ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ሲበዛስ? ወርቁም መስመሩም ለየራሳቸው ይጠግባሉ፤ የሚያያይዛቸው ስለማይኖር ወርቁ መስመሩን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ደብዛዛ መስመር አንዳንዴ እጅግ የበዛ ወባ ነው።

ማሾ ለመልቀም ከመንዝ የወረደ ጎልማሳ ነበር። ሌላ ቦታ ተመርምሮ «ደብዛዛ ናት፣ ቀላል ነው» ተብሎ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ተመልሷል። በሦስተኛው ቀን በሰው ትከሻ መጣ። የደም ፊልሙን፣ ማለትም መስታወት ላይ የተቀባውን ደሙን፣ በማይክሮስኮፕ ሳየው አንዱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀለበት የመሰለ የወባ ተሕዋስ ተደርድሯል። ደጋ ያደገ ሰው ለወባ አቅም የለውም፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ ቆላ ምን ሊሠራ ወረደ? ሰውየው ዳነ፣ በሆስፒታል አልጋ ሰንብቶ።

እንግዲህ፦ የደበዘዘችም መስመር መስመር ናት፣ ሕክምና ጀምሩ። ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው «ሲ» ፊደል ያለበት መስመር ካልወጣ ኪቱን ጥላችሁ በሌላ ድገሙ። በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ቀድማችሁም ዘግይታችሁም አታንብቡ። መድኃኒት ከጨረሳችሁ በኋላ ለሳምንታት መስመር ቢወጣ አትደንግጡ፤ ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ይቆያል፣ ትኩሳት ከተመለሰ ግን የደም ፊልም ጠይቁ። ማሸጊያውን ደም ልትወስዱ ስትሉ ብቻ ክፈቱ። ኪት በሞተር ብስክሌት ኮርቻ ሥር የምታጓጉዙ፣ እናንተንም አውቃችኋለሁ፤ የኛው ቆላ የቀወት ፀሐይ አንቲቦዲ ያበላሻል።