የኤፒክ ጀግና ምንድን ነው?

«አኪለስ ጀግና ሊባል አይገባውም። ወገኖቹ ሲያልቁ ድንኳኑ ውስጥ አኩርፎ የተቀመጠ ሰው ነው። እውነተኛው ጀግና ሄክተር ነው።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ሆሜር ኢሊያድ፣ ማለትም የትሮይን ጦርነት ስለሚተርከው የጥንት ግሪክ ኤፒክ (ረጅም የጀግና ግጥም) እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ አኪለስ የግሪኮች፣ ሄክተር የትሮይ ተዋጊ ነው፤ ብዙ ሰውም ተስማማበት። ይህን ፍርድ ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ሄክተርን መውደዱ ደግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ መስፈሪያው ነው። ሰውየው «ልጄ ማንን ቢመስል ደስ ይለኛል?» ብሎ ጠየቀና መልሱን «ጀግና» አለው።

ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው። ፈተና ያለፈውን ልጅ «ጀግና!» እንለዋለን፤ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገችውንም እናት እንዲሁ። ቃሉ ሙገሳ ሆኗል። የጀግናን ታሪክ ደግሞ «ገድል» ስለምንል፣ አንባቢው ኢሊያድን ሲከፍት ሳይታወቀው የጻድቅ ገድል ይጠብቃል። ጻድቁ የሚተረክለት አርአያ እንዲሆን ነው። የግሪኩ «ሄሮስ» ግን ይህን ሸክም አልተሸከመም። በሆሜር ቃሉ የዚያን ዘመን ተዋጊና ታላቅ ሰው ሁሉ ይጠራበታል። በግሪኮች አምልኮ ደግሞ ከሞተ በኋላ መሥዋዕት የሚቀርብለት ኃያል ነው።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. የኖረው ግሪካዊ ጸሐፊ ፓውሳኒያስ ስለ ቡጢኛው ክሌዎሜድስ የጻፈውን ልጥቀስ። በኦሊምፒያ ተጋጣሚውን ገደለና ድሉን ተነፈገ፤ በሐዘን አበደ። አገሩ ተመልሶ የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ የተሸከመውን ምሰሶ ጎትቶ ጣለ፤ ጣሪያው 60 ያህል ልጆች ላይ ወደቀ። ሕዝቡ በድንጋይ ሲያሳድደው በእንስት አምላኳ በአቴና ቤተ መቅደስ ሣጥን ውስጥ ተሸሸገ፤ ሣጥኑ ተሰብሮ ሲታይ ባዶ ነበር። ሰዎች የአማልክትን ቃል የሚጠይቁበት የዴልፊ ንግርት ምን አለ? የሄሮሶች መጨረሻ እሱ ነውና መሥዋዕት አቅርቡለት። እርግጥ የአምልኮው ሄሮስና የግጥሙ ሄሮስ አንድ አይደሉም፤ ዝምድናቸው በሙያችን ገና ያከራክራል። ምሳሌውን ያመጣሁት ቃሉ ከደግነት ጋር እንዳልተወለደ ለማሳየት ነው።

ለተማሪዎች የማስረዳው በበሬ ነው። በአንድ አገር ጉልበቱ ከሁሉ የላቀ በሬ አለ እንበል። የደረቀው መሬት ያለ እሱ አይታረስም። ግን ቀንበር ይሰብራል፣ ጥማዱን ይወጋል፣ ፈር ይለቃል። ገበሬው ሊያርደው አይችልም፤ ያለ እሱ ይራባል። ያለ ስጋትም አብሮት አይውልም። ኤፒክ የሚዘፍነው ለዚህ በሬ ነው፤ እየዘፈነም የሰበረውን ሞፈር ይቆጥራል። የኢሊያድ የመጀመሪያ ቃል «ቁጣ» ነው፤ ወዲያው በሁለተኛው መስመር ይህ ቁጣ በአካይያውያን ላይ፣ ማለትም በራሱ በአኪለስ ወገኖች ላይ፣ እልፍ መከራ እንዳመጣ ይነግረናል። አስተያየት ሰጪው እንደ ግኝት ያቀረበውን ክስ ገጣሚው ገና ሲጀምር ተናግሮታል።

ጥማድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንቱ የሜሶጶጣሚያ ኤፒክ የኡሩክ ከተማ ሰዎች በንጉሣቸው በጊልጋሜሽ ሲማረሩ አማልክቱ ንጉሡን አልገደሉም፤ ኤንኪዱን ፈጠሩለት፤ እኩያ ጉልበት ያለው ጥማድ። በፈረንሳዩ ኤፒክ «የሮላንድ መዝሙር» ደግሞ የፍራንኮቹ ንጉሥ የሻርለማኝ የኋላ ደጀን መሪ የሮላንድ ጥማድ ጓደኛው ኦሊቨር ነው። ጠላት ሲመጣ ኦሊቨር «ቀንደ መለከቱን ንፋ፣ ሻርለማኝ ይመለስልን» እያለ ደጋግሞ ለመነው፤ ሮላንድ ስሜ ይጎድፋል ብሎ እምቢ አለ። ግጥሙ «ሮላንድ ደፋር ነው፣ ኦሊቨር አስተዋይ ነው» ይላል። የኋላ ደጀኑ ካለቀ በኋላ ኦሊቨር ፊት ለፊት ይወቅሰዋል፦ ፍራንኮች ያለቁት በአንተ አለመመዘን ነው። ይኸው ግጥም ግን ሮላንድ ሲሞት መላእክትን አውርዶ ነፍሱን ወደ ገነት ያስወስዳል። «ሮላንድ ጅል ነው» የሚል አንባቢ ግማሹን ብቻ አንብቧል፤ «ሮላንድ ፍጹም ነው» የሚለውም እንዲሁ። (ግጥሙን ታሪክ አድርገው ለሚጠቅሱም አንድ ነገር ልጨምር፦ በ778 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሮንስቮ የሻርለማኝን የኋላ ደጀን የፈጁት ባስኮች ናቸው። ሙስሊም ሠራዊት ያደረጋቸው ከ300 ዓመት በኋላ የመጣው ግጥም ነው።)

ሄክተርስ? እሱም ፈር ለቋል። የጦር ባልደረባው ፖሊዳማስ «ሌሊቱን ወደ ከተማው እንግባ» ብሎ መከረው፤ ሄክተር ናቀው። በማግስቱ ሠራዊቱ ሲፈጅ ከቅጥሩ ውጭ ብቻውን ቆሞ በግትርነቴ ሕዝቤን አጠፋሁ ይላል፤ እናም አፍሮ አይገባም፤ አኪለስም ይገድለዋል። ሚስቱንና ልጁን የሚወድ ሰው መሆኑ ከዚህ አላዳነውም፤ ገጣሚው ሁለቱንም አሳይቶናል። አኪለስንም ቢሆን የልጁን የሄክተርን ሬሳ ሊለምን ከመጣው ከሽማግሌው ፕሪያም ጋር ሲያለቅስ አሳይቶን ነው የሚሰናበተው።

ምሳሌዬ የጥንታዊው እንግሊዝኛ ኤፒክ ጀግና ቤዮውልፍ ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ያ ሰው 50 ዓመት የነገሠ ነውና በሬውም ገበሬውም ራሱ ነው። በስተርጅና ዘንዶውን ብቻዬን እገጥማለሁ ብሎ ሞተ። አብሮት የቀረው ዊግላፍ በአንድ ሰው ፈቃድ ብዙዎች እንደሚሠቃዩ ይናገራል፤ ሕዝቡም የሚመጣበትን ጦርነት ይጠብቃል። የ3,182 መስመሩ ግጥም የመጨረሻ ቃል «ከሁሉ ይልቅ ዝናን የሚሻ» የሚል ነው። ሙገሳ ነው ወይስ ወቀሳ? ባለሙያዎች አልተስማሙም። እኔ ሙገሳ ነው እላለሁ፤ ግን የሚያም ሙገሳ። ግጥሙ በ1000 ገደማ በተጻፈ አንድ ቅጂ ብቻ መትረፉንም አስቡ፤ ከዚህ አንድ ተነሥቶ «የመካከለኛው ዘመን ጀግና እንዲህ ነው» ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ጀግኖችን ስታወዳድሩ «ማን ይበልጣል?» የሚለውን ሰንጠረዥ ተዉትና ሌላ ጠይቁ። ከልክ በላይ የሚፈልገው ምንድን ነው? ሊገታው የሚሞክረው ማን ነው? ዋጋውን የሚከፍለውስ? አኪለስ ለክብሩ ሲቆጣ የቅርብ ጓደኛውን ፓትሮክለስን አጣ፤ ሮላንድ ለስሙ ሲል 20,000 ሰው አጣ።

አስተያየት ሰጪው ምናልባት የስፔኑን ኤፒክ ጀግና ኤል ሲድን ያመጣብኝ ይሆናል፤ እሱ በእርግጥ የተገራ ነው። ንጉሡ ቢያሳድደውም አያምፅበትም፣ ከምርኮው ስጦታ ይልክለታል፣ ግጥሙም ሚዛናዊነቱን ደጋግሞ ያመሰግናል። ግን ይኸው ሰው ለስደቱ ስንቅ ገንዘብ ሲያጣ ሁለት ሣጥን አሸዋ ሞልቶ፣ ወርቅ ነው አስብሎ፣ ራኬልና ቪዳስ ከሚባሉ አበዳሪዎች 600 ማርክ ወሰደ። ቆይቶ ቫሌንሲያን ይዞ ከበረ፤ አበዳሪዎቹም ገንዘባችን ብለው መጡ። ከመልካም ተስፋ በቀር እንደተከፈላቸው የሚናገር አንድም መስመር በግጥሙ ውስጥ የለም።