የዲጂታል ምርምር መሠረተ ልማት ምንድን ነው? ስካን ማድረግ እንዳይመስላችሁ

ሰሞኑን አንዱ «ብራናዎቻችን ስካን ተደርገዋል፤ ከእንግዲህ ታሪክ በሞባይል ነው» ሲል ሰማሁት። ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም እል ነበር።

ፎቶ ማለት ጎተራ የገባ ጤፍ ነው። ከዝናብና ከአይጥ ተርፏል፣ ተመስገን ነው። ግን ጎተራ አይቶ የጠገበ የለም። መሠረተ ልማት የምንለው ፎቶውን ተፈልጎ ወደሚገኝ ጽሑፍ የሚለውጠው ወፍጮው፣ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ወፍጮው ሲሰበር የሚጠግነው ባለሙያ ጭምር ነው። ጆንያው ላይ «የማን ማሳ፣ የየትኛው ዓመት» ተብሎ መጻፉም ከዚያው ነው። እሱን ሜታዳታ ይሉታል።

ለምሳሌ በ1973 (በፈረንጆቹ) የተጀመረውን የብራና ማይክሮፊልም ሥራ እንውሰድ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄዶ ተቀመጠ። ፊልሙን ጥቅም ላይ ያዋለው ግን ካሜራው ብቻ አይደለም። እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቅጠል በቅጠል አንብበው ካታሎግ ሠሩለት። ዛሬም ተመራማሪ አንድን ብራና የሚጠቅሰው በዚያ ሥራ በተሰጠው ቁጥር ነው። ሃምቡርግ ውስጥ ደግሞ በ2016 የተጀመረ የግዕዝና የኢትዮጵያ ብራናዎች ዳታቤዝ አለ። የተያዘለት ጊዜ 25 ዓመት ነው። ስካን ብቻ ቢሆን 25 ዓመት ምን ያደርግለታል?

«ኤአይ ያነበዋል» አለኝ ያው ሰውዬ። ያነባል፣ አልካድኩም። የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡ ሶፍትዌሮች አሉ። ግን መጀመሪያ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ብዙ ገጽ በትክክል ተይቦ ሊያስተምራቸው ይገባል። በአንድ ቁም ጸሐፊ እጅ የተማረው ሶፍትዌር፣ የሌላው እጅ ሲመጣበት ይደናገራል።

ተነበበ እንበል። አሁን «ሥላሴ» ብላችሁ ፈልጉ። «ስላሴ» ተብሎ የተጻፈው አይመጣላችሁም። ለኮምፒውተር ሠ እና ሰ፣ የሰ እና የከን ያህል ይራራቃሉ። «ታዲያ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መቀየር ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በጥንቱ ግዕዝ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ጸሐፊው የት እንዳቀያየራቸው ማየት ስለ እሱና ስለ ዘመኑ ይነግረናል። ዱቄት ከሆነ በኋላ ወደ ጤፍ መመለስ የለም። ስለዚህ የጸሐፊው እጅ እንዳለ ይቀመጣል፤ ለፍለጋ የተስተካከለው ከጎኑ ይሠራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስም ደግሞ አለ። ዘርዐ ያዕቆብ ብትሉ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ናቸው ወይስ ፈላስፋው? (ፈላስፋው በእርግጥ ነበረ ወይ የሚለውን ጠብ ዛሬ አልገባበትም።) ንጉሡ ሲነግሡ ቈስጠንጢኖስም ተብለዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰጣል፣ ስሞቹ ሁሉ እሱ ላይ ይታሰራሉ። ብራናው ላይ ያለው የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ባዶ ይተዋል። መገመት ቀላል ነው፤ ግምቱ አንዴ ዳታቤዝ ከገባ ግን እንደ እውነት ይጠቀሳል።

መብራቱን፣ ማለትም ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ የሚያቆየውን ሲስተም፣ አልረሳሁም። በኦክቶበር 2023 የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመታ። ከመቅደላ የተወሰዱ ብራናዎች ያሉበት ቤት ነው። ብራናዎቹ መደርደሪያቸው ላይ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ የነበሩት ፎቶዎች ግን ለወራት አልተከፈቱም።

እኔም ጋ አንድ ሃርድ ዲስክ አለ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰጠኝ። የሚያማምሩ ፎቶዎች ናቸው። የፋይሎቹ ስም ግን 0001፣ 0002፣ 0003 እያለ ይቀጥላል። የየትኛው ደብር ብራና እንደሆነ የሚያውቀው ፎቶ ያነሳው ሰው ብቻ ነው። እሱም ጡረታ ወጥቷል። ስልኩን እያፈላለግኩ ነው።