የሳተላይት ሰዓትና የኮምፒውተር መረብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየክሊኒኩ ሰርቨር (ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር) ሲተከልና ሰዓቱን ከጂፒኤስ ሳተላይት እንዲወስድ ሲደረግ ስለ ሰዓት የሚነገሩ ስህተቶች ብዙ ናቸው። ጉዳት የሚያደርሱትን እንያቸው።

«ሰርቨሩን በእኛ አቆጣጠር ብንሞላው ምን አለበት?»
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 7:00 ነው። 1:00 ብሎ በእጁ የሞላ ሰው ሰርቨሩን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶታል። የዊንዶውስ ዶሜይን (የቢሮውን ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች በአንድ ላይ የሚያስተዳድረው ሥርዓት) ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም አያስገባም። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ያኔ የድረ ገጾች ሰርተፍኬት (ማንነታቸውን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ማስረጃ) ጊዜው ገና ያልደረሰ ስለሚመስል ብራውዘሩ አልከፍትም ይላል። ትክክለኛው መንገድ የሰዓት ክልሉን «አዲስ አበባ» (በዊንዶውስ «ናይሮቢ»፣ UTC+03:00) አድርጎ የውስጡን ሰዓት አለመንካት ነው። የእኛን አቆጣጠር ማሳየት የፕሮግራሙ ሥራ ነው።

«ኢንተርኔት ከሌለ ጂፒኤስ ሰዓት አይሰጥም።»
ይሰጣል። ሪሲቨሩ (የሳተላይቱን ምልክት የሚቀበለው መሣሪያ) ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም፤ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካሉ፣ አቶሚክ ሰዓት ከተሸከሙ ሳተላይቶች ያዳምጣል ብቻ። ቦታውን ጭምር ለማወቅ 4 ሳተላይት ይፈልጋል፤ ቦታው ተለክቶ ከተመዘገበለት ግን ለሰዓት አንድ ሳተላይት ይበቃዋል።

«ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይዘጋዋል።»
የቴሌቪዥን ዲሽ በከባድ ዝናብ የሚቆራረጠው ከ10 ጊጋሄርዝ በላይ ስለሚሠራ ነው። የጂፒኤስ ዋናው ምልክት 1575.42 ሜጋሄርዝ ስለሆነ ዝናብ እምብዛም አይነካውም። የሚዘጋው ቆርቆሮው ነው! ጣሪያ ሥር የተሰቀለ አንቴና ሳተላይት አያይም፤ ከጣሪያው በላይ፣ ሰማዩ በሁሉም አቅጣጫ ክፍት በሆነበት ይተከል። የክረምቱ እውነተኛ ስጋት መብረቅ ነው። ስለዚህ ኬብሉ ወደ ሕንጻው በሚገባበት ቦታ የመብረቅ መከላከያ ይግባበት፣ ከመሬት ጋርም በአጭርና ወፍራም ሽቦ ይያያዝ።

«ሪሲቨሩ ወደ ሰርቨሩ የሚልከውን ጽሑፍ ማንበብ በቂ ነው።»
ጽሑፉ ስንተኛው ሰከንድ እንደሆነ ይናገራል፤ ሰከንዱ መቼ እንደጀመረ ግን አያሳይም። በ9600 ቦድ (በሰከንድ 9600 ቢት) ፍጥነት 82 ፊደል ያለው አንድ መስመር ለመድረስ ብቻ 85 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የሰከንዱን መጀመሪያ የሚያሳየው በየሰከንዱ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምት ነው። ስለዚህ የምት መውጫ ያለው ሪሲቨር ግዙ፤ ምቱንም በዩኤስቢ ሳይሆን በሲሪያል ወደብ አስገቡ። ዩኤስቢ እስከ 1 ሚሊ ሰከንድ የሚደርስ መዋዠቅ ይጨምራል። የኬብሉ መዘግየት በሜትር 5 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ለቢሮ መረብ አያሳስብም።

«የጂፒኤስ ሰዓትና ዓለም አቀፉ ሰዓት አንድ ናቸው።»
አይደሉም። ጂፒኤስ ከጥር 6 ቀን 1980 (በፈረንጆች) ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ አልፎ አልፎ የሚጨመረው ተጨማሪ ሰከንድ ሳይገባበት ስለሚቆጥር ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 18 ሰከንድ ይቀድማል። ልዩነቱን ሳተላይቱ ራሱ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ሙሉው መልእክት በ12 ደቂቃ ከግማሽ አንዴ ነው የሚዞረው። አዲስ ሪሲቨር ተሰክቶ ሰርቨሩ ከሌሎቹ ልክ 18 ሰከንድ ቢለይ እቃው አልተበላሸም፤ እስኪያጠናቅቅ ጠብቁት።

«ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ሪሲቨር ያስፈልጋል።»
አንዱ ሰርቨር ይበቃል፤ ሌሎቹ በኤንቲፒ (በመረብ ሰዓት ማመሳሰያ ደንብ)፣ በዩዲፒ ወደብ 123 በኩል ከእሱ ይወስዳሉ። ነገር ግን በዚህ አንድ ምንጭ ብቻ አትተማመኑ። ምንጮቹ ሁለት ሆነው ቢለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ አይታወቅም፤ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። አንቴናው ቢቋረጥ በ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20) የሚስት ተራ የኮምፒውተር ሰዓት ክሪስታል በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ የማዘርቦርዱን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ቀይሩ።